ስሙ ያልተጻፈበት ደም

ቱቦዎቹ ደም ከሚያሽከረክረው ማሽን ሲወጡ፣ አንዱ ብቻ ወተት ጠብ የተደረገበት መስሎ ወጣ። ሌሎቹ ደንበኛ ነበሩ፤ ቀዩ ከታች ዘቅጦ ከላይ የገለባ ቀለም ያለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ቀርቷል። የዚህኛው ግን ከላይ ደፍርሶ ነጥቷል። ተመራማሪዋ ቱቦውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችውና ፈገግ አለች።

"አንተ ሆዳም!" አለችው፣ አጠገቧ ማንም እንደሌለ አረጋግጣ።

ሰው ቅባት የበዛበት ነገር በልቶ ሲቆይ ደሙ እንዲህ ይነጣል። ለጥናቱ ደም የሚሰጡት ሕሙማን ደግሞ ሳይበሉ እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። ታላቅ ወንድሟ ከሕሙማኑ አንዱ ነው። ረፋዱ ላይ፣ ገና ወረፋ ይዞ ሳለ ደውላለት ነበር።

"በላህ?" አለችው። ከታመመ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ "እንደምን አደርክ" ማለቱን ትቶ "በላህ?" ማለት ጀምሯል።

"ምን በላህ ትዪኛለሽ! ሚስቴ ከደሙ በኋላ ብላ ብላ የቋጠረችልኝን እንቁላል በቅቤ፣ እንደደረስኩ ጠራርጌ በላሁት። ረሃቡ አላስቀምጥ አለኝ።"

"ጋሼ! ሳትበላ ነው እኮ የተባልከው!"

"አንቺ ደግሞ! ስበላም ጣጣ፣ ሳልበላም ጣጣ። ለነርሷ እንዳታሳብቂብኝ፣ አደራ።"

መቆጣት ሲገባት ደስ አላት። ስንት ጊዜ ሙሉ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ሳህኑን ሲገፋ የኖረ ሰው ረሃብ አላስቀምጥ አለኝ ሲል፣ ማን ደንብ ይታየዋል?

ስለ ጥናቱ ትንሽ ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚያ ላይ ነው። በሴሎቻችን ውስጥ አር ኤን ኤ የሚባል የመልእክት ክር አለ። የታወቀው ሥራው "ይህን ፕሮቲን ሥሩ" የሚለውን ትእዛዝ ማድረስ ነው። ነገር ግን ምንም ፕሮቲን የማያሠራ፣ ሊቃውንቱ ለብዙ ጊዜ እንደ ግርድ የቆጠሩት ሌላ ዓይነትም አለ። ኋላ ሲታይ እነዚህ ሥራ ፈት የተባሉት ክሮች አለቆች ሆነው ተገኙ። ራሳቸው ዕቃ አያነሱም፤ ሌላውን ግን "አንተ ሥራ፣ አንተ ዝም በል" ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ስለማይጠፋ ነገሩን መረዳት አይከብድም። የእሷ ቡድን የሚከታተለው ከእነዚህ አለቆች አንዱን ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር በተስፋፋባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ይህ አር ኤን ኤ ሲበዛ፣ የሰዎቹ ዕድሜ ያጥር ይሆን? ቀደም ያሉ ትንንሽ ጥናቶች ያጥራል ብለዋል። የእነሱ ጥናት ይህ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ የተጀመረ ነበር።

በቱቦዎቹ ላይ ስም አይጻፍም፤ ኮድ ብቻ ነው ያለው። የኮዱን ፍቺ የሚይዘው ሌላ ክፍል ነው። ውጤቱ ለሕሙማኑም ለሐኪሞቻቸውም አይነገርም። ወንድሟ ጥናቱ ውስጥ ሲገባ ለአለቃዋ ለፕሮፌሰሩ በግልጽ ተናግራ ነበር። እሱም "የትኛው እንደሆነ እስካላወቅሽ ድረስ ችግር የለውም" ብሏታል።

አሁን ኮዱ ምን ዋጋ አለው? የሰውየው ሆዳምነት ስሙን ከኮዱ በላይ በትልቁ ጽፎበታል። ወግ ቢሆን ቱቦውን ለባልደረባዋ ሰጥታ "ይህን አንተ ሥራልኝ" ማለት ነበረባት። አላለችም። የነጣ ደም ምልክት ይደረግበታል እንጂ አይጣልም የሚለውን ደንብ ግን ወዲያው አስታወሰች። ሰው የሚመቸውን ደንብ ሲያስታውስ ፈጣን ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ በወረርሽኙ ጊዜ ዓለም ሁሉ አፍንጫውን ሲያስጎረጉር ስሙን የለመደው ፒ ሲ አር የሚባለው ማሽን ፊት ተቀምጣ ነበር። በስክሪኑ ላይ ለእያንዳንዱ ደም አንድ መስመር አለ። አር ኤን ኤው የበዛበት መስመር ቀድሞ ሽቅብ ይወጣል፤ ያነሰበት ዘግይቶ ይነሳል። መስመሮቹ ሁሉ ገና መሬት ለመሬት ሲሳቡ አንዱ ቀና አለ። የማን እንደሆነ ላለማየት ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ መልሳም አየች። የነጣው ቱቦ ነበር።

ስህተት ይሆናል አለች። ያንኑ ደም ከፋፍላ ያስገባችባቸውን ሌሎቹን ቀዳዳዎች አየች። መስመሮቹ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ አብረው ወጥተዋል። በጥናቱ ውስጥ እስካሁን ካየቻቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ከፍተኛ መጠን አልገጠማትም። ተነስታ እጇን ታጠበች፤ ጓንት አድርጋ ስለነበር የሚታጠብ ነገር አልነበረውም።

ወንድሟ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ወላጆቻቸው ቀድመው በማለፋቸው ያሳደጋት እሱ ነው፤ ጡጦ ያልያዘላት፣ ፀጉሯን ያልጎነጎነላት ጊዜ የለም። እስከ ዛሬም "ሚጢጢ" ነው የሚላት። ዶክትሬቷን ስታገኝ "ይኼ ያንቺ ዶክተርነት ራስ ምታት እንኳ አያሽል፤ ምኑ ነው?" ብሎ ካሾፈባት በኋላ ዞር ብሎ አልቅሷል። ካንሰሩ ከአንጀቱ ወደ ጉበቱ ሲሻገር፣ ቀዶ ሐኪሙ ጉበቱ ላይ ያሉትን እብጠቶች ቆርጦ ማውጣት እንደሚቻል ነገራቸው። ከባድ ነው፣ ማገገሙም ረዥም ነው፤ ግን ዕድል የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው አለ። ቀን ተቆረጠ።

ወንድሟ ያመነታ ነበር። "የቀረኝ ጊዜ ትንሽ ከሆነ ግማሹን አልጋ ላይ ተጋድሜ ልጨርሰው? እሷን እንኳ ሳላስተምራት!" ይላል። እሷ የሚላት ሚስቱን ነው። የከተማውን ሰው ግማሹን መኪና ያስነዳ ሰው የገዛ ሚስቱን መሪ አስይዟት አያውቅም። ሁለቱም ቁጡ ስለሆኑ "ከምንፋታ ብትሄድ በአውቶቡስ ትሂድ" ሲባል ነው የኖረው። እህቱ ደግሞ ባገኘችው ቁጥር "ግባ! ሚስትህን ስትድን ታስተምራታለህ!" እያለች ስትወተውተው ቆይታለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ውትወታው ቀረ። በማግስቱ ፕሮፌሰሩን ለሻይ ሲወርድ ደረጃው ላይ አገኘችውና፣ ነገሩን በሩቁ አድርጋ "ለመሆኑ አንድ ሐኪም ይህን ቁጥራችንን አሁን ቢያገኘው፣ በሽተኛውን ቢላ ስር ባያስገባው ይፈረድበታል?" አለችው።

"እንዴታ! ይሄ እኮ ስለ ብዙ ሰው እንጂ ስለ አንድ ሰው አያወራም። ለዚያውም የሚያወራ ከሆነ ነው፤ ገና መች ጨረስን?" አለና ትክ ብሎ አያት። "ምነው፣ የጠየቀ ሰው አለ?"

"የለም" አለች። እሷም ይህንኑ ለተማሪዎች ስታስተምር የኖረች ናት። ማወቅ ሌላ፣ ወንድም ሌላ።

በሳምንቱ መጨረሻ ወንድሟ ሚስቱን ማስተማር ጀመረ። ተመራማሪዋንም ከኋላ አስቀመጧት፤ "ሽማግሌ ያስፈልገናል" ብሎ። ሜዳው ባዶ ነው። ከሜዳው ዳር ካለው አንድ የመብራት ምሰሶ በስተቀር የሚገጩት ነገር አልነበረም፤ መኪናው ግን ወደዚያው ምሰሶ ብቻ ይሄዳል።

"ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን ርገጪ!"

"አትጩህብኝ!"

"እኔ መቼ ጮህኩ? ምሰሶው ነው የጮኸው!" አለና በእሱ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጠው። መኪናው ተንገጫግጮ ጠፋ። ሚስቱ በሩን ከፍታ ወረደች። "ነፋስ ተቀብዬ እመጣለሁ፤ አለበለዚያ አንድ ነገር እልሃለሁ" ብላ ወደ ሜዳው መሀል ሄደች።

ወንድሟ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ እጁን ሰደደና መሀል ላይ ያለውን ስፖኪዮ አዘነበለው፤ መስታወቱ ውስጥ ዓይኑ ከዓይኗ ገጠመ።

"ሚጢጢ።"

"አቤት።"

"ቀዶ ሐኪሙ ነገ ቁርጡን ንገረኝ ብሎኛል። ስንት ጊዜ ግባ ግባ ስትዪኝ ነበር። ሰሞኑን አፍሽን ዘጋሽ። እኔ እንደሆንኩ ሐኪም አላምንም፤ የማምነው አንቺን ነው። ልግባ ወይስ ልተወው?"

"ግባ" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ወዲያው ያ ቀድሞ ቀና ያለው መስመር ድቅን አለባት። ግባ ብላው በከንቱ ቢሰቃይስ? የቀረችውን ትንሽ ጊዜ አልጋ ላይ ብታስጨርሰውስ? አትግባ ብላው ዕድሉን በእጇ ብትዘጋበትስ? ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"አንተ ልብህ ያለህን አድርግ" አለች፣ ለመስኮቱ።

ዕድሜውን ሙሉ የተማሪ ፊት በስፖኪዮ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። መስታወቱን ወደ ቦታው መለሰው።

"ገባኝ" አለ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ፍርድ ግን ይወጣበታል። እዚያው ላይ "አይደለም፣ ምንም አልገባህም!" ብላ መጮህ ትችል ነበር። ሚስቱ በሩን ከፍታ ገባችና "በሉ፣ ቁልፉን የት አደረጋችሁት?" አለች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

በማግስቱ ወንድሟ ሆስፒታል ደውሎ ቀዶ ሕክምናውን ተወው። ቦታው የተሰጠው ከእሱ ቀጥሎ ወረፋ ይጠብቅ ለነበረ ለአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው መድኃኒት ሲሰጣቸው ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተዋወቀው የወንድሟ የሕመም ጓደኛ ነው፤ ዘመድ የለውም፣ ሳቅ ግን ሞልቶታል። "ዕድሜ ልኬን የሰው ቱቦ ስከፍት ኖሬ የራሴ ተዘጋ" እያለ ነርሶቹን ሁሉ ያስቃል። ወንድሟ ቦታው ለእሱ በመድረሱ ደስ ብሎት "ቢያንስ አልጋው ሳይቀዘቅዝ ሰው አገኘ" አለ።

ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ዕቃ ሲያጥቡ ተመራማሪዋን ጠጋ ብላ "ልቡን ያስቀየረው ማነው? እስከዚያ ለት እገባለሁ ብሎኝ ነበር" አለቻት። ተመራማሪዋ ያጠበችውን ብርጭቆ መልሳ አጠበችው። "እኔ እንጃ" አለች። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልወስድ አላት። ወንድሟ በተቃራኒው ቀለል ብሎት ማርሽና ፍሪሲዮን ያስተምራል፤ ሚስቱም ምሰሶውን ማለፍ ቻለች። ይህ ደስታው ነበር ይበልጥ የሚያሳርራት።

ቧንቧ ሠራተኛው ቀዶ ሕክምና በሚደረግለት ጠዋት፣ የሚሸኘው ዘመድ ስለሌለው ወንድሟ ሄደ። እሷንም ይዟት ሄደ። ሰውየው ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ባለ ጎማ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ኮሪደሩ ዳር ተራውን ይጠብቃል። ፊቱ ገርጥቷል፤ አፉ ግን እንደ ወትሮው አላረፈም።

"ይኸው ዛሬ በባዶ ሆዴ ነኝ! እንደዚያን ለት የወንድምሽን ቁርስ የሚሰጠኝ የለም።"

"የትኛውን ቁርስ?" አለች ተመራማሪዋ።

"ያ ደም የወሰዱብን ቀን ነዋ! ይኼ ሰው የሚስቱን እንቁላል ገና ሲከፍተው ፊቱን አጨማደደና ወደ እኔ ገፋው። ለካ ሳትበሉ ኑ ብለው ነበር፤ እኔ እንደሆንኩ ማን ወረቀት ያነባል? ቅቤውን ሳይቀር በዳቦ ጠረግኩት። ያ ሁሉ ወረፋ እስኪደርስ ድረስ ነፍሴን ያቆያት እሱ ነው።"

ወንድሟን አየችው። እሱ ደግሞ ሳይበላ በልቻለሁ ማለቱ ስለተጋለጠበት፣ እንደተያዘ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ክንዱን ይዛ ወደ ደረጃው በር ጎተተችው። በሩ ከኋላቸው እስኪዘጋ ጠበቀች።

"ጋሼ፣ የዚያን ለት በልተሃል ወይስ አልበላህም?"

"አሁን ይኼ ምን…"

"በልተሃል ወይስ አልበላህም?"

"አልበላሁም! ሽታው ራሱ ወደ ላይ አለኝ። እናንተ ደግሞ በላህ በላህ እያላችሁ ነፍሴን አወጣችኋት። ደስ ይበልሽ ብዬ ነው። አንዴ ከዋሸሁ አይቀር ብዬ ደግሞ ረሃቡን ጨመርኩበት። ምነው፣ በእንቁላል ሰው ይሰቀላል?"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ የነጣውን ቱቦ፣ ቀድሞ የወጣውን መስመር፣ መኪናው ውስጥ ፊቷን ለምን እንዳዞረች። እሱ ቆሞ ሰማት። አላቋረጣትም።

"ታዲያ የእኔ ቁጥር ስንት ነው?" አለ በመጨረሻ።

"አላውቅም። ከቱቦዎቹ የትኛው ያንተ እንደሆነ አላውቅም። ስለ አንተ አንድም ነገር አላውቅም ነበር።"

"እና ያየሽው የ…" ብሎ ጀመረና አፉን ዘጋ። ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። ከበሩ ማዶ ቧንቧ ሠራተኛው አንዱን ነርስ ሲያስቅ ይሰማል። ወንድሟ የሞት ፍርድ ተነሥቶለት ፊቱ ላይ ቅንጣት ደስታ አልታየበትም።

"እንቁላሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለ በቀስታ።

"እንቁላሉ ቁጥሩን አላመጣበትም፤ ቱቦውን እንድለየው ብቻ ነው ያደረገው።"

"እንግዲያው ሂጂና ንገሪው!" ድምፁ ከፍ አለ። "እኔን ያስቀረ ቁጥር እሱን ለምን አያስቀረውም? ወይስ ለወንድምሽ ሲሆን ነው እውነት የሚሆነው?"

"አንተንም ማስቀረት አልነበረበትም! ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው። እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ስለ ብዙ ሰው ነው የሚያወራው። እንዲህ ያለ ቁጥር ያላቸው አብዛኞቹ ቶሎ ተሸነፉ ይላል፤ አንተ ከአብዛኞቹ ትሁን ከቀሩት አይናገርም። ቢላ አይጠቅማቸውም ደግሞ ከናካቴው አይልም። ቀዶ ሐኪሙ ግባ ያለው ጉበትህን አይቶ ነው።"

"ይህን መኪናው ውስጥ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፈራሁ።"

"ምኑን?"

"ግባ ብዬህ እዚያው እንዳትቀርብኝ።" እንባዋ መጣ። "በእኔ አፍ ገብተህ እንዳትቀርብኝ ፈራሁ።"

በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች። "ሰውየውን ልናስገባ ነው፤ ዶክተሯን ጥሩልኝ ብሏል።"

ቧንቧ ሠራተኛው አሁን አይስቅም። የአልጋውን ብረት ጨብጧል። "ልጄ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ" አላት። "የተኛሁት የወንድምሽ ቦታ ላይ ነው። አንቺ እዚያ ደማችንን የምትመረምሪው ነሽ አሉ። እሱ የተወው አንድ ያወቀው ነገር ቢኖር ነው ስል ስገላበጥ አደርኩ። እንደ አባትሽ ቁጠሪኝ። ልግባ ወይስ ልነሳ?"

ወንድሟ ከኋላዋ ቆሟል። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ መስኮት አለ። አንገቷ ወደዚያ መዞር ፈለገ። አልዞረችም። የሰውየውን ዓይን አየች፤ ዕድሜውን፣ ያልተላጨ ጢሙን፣ ፍርሃቱን አየች።

"ወንድሜ የተወው በእኔ ጥፋት ነው" አለች። "ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ክፉ ነገር ስላወቀ አይደለም። የሚድኑ ይሁኑ የማይድኑ እኔ አላውቅም፤ እዚያ ያለውም ማሽን አያውቅም። እኔ እዚህ አልጋ ላይ ብሆን ግን እገባለሁ።"

ሁሉን አልነገረችውም። ያለችው ግን እውነት መሆኑን እየተናገረች ሳለ ራሷን መርምራ አረጋግጣለች። ቢላ የማይነካው እብጠት የትም አይሄድም። ቧንቧ ሠራተኛው ብዙ አያት። ከዚያ ብረቱን ለቀቀ።

"በሉ ግፉኝ" አላቸው፤ "ቱቦ ስትከፍቱ ግን መጀመሪያ ዋናውን ውሃ ዝጉ!"

በሩ ሲዘጋ ወንድሟ ፊት ለፊቷ መጥቶ ቆመ።

"ለእሱ ያልሽውን ለእኔም በይኝ።"

"ትድን አትድን አላውቅም። እኔ ብሆን እገባለሁ። ግባ፣ ጋሼ።"

ወደ ቀዶ ሐኪሙ ቢሮ ሄደ። ቀዶ ሐኪሙ ቀኑን እስኪጨርስ በሩ ላይ ጠበቀው። ሐኪሙ ቃል ቆጣቢ ነው፤ የዚያን ለት ግን ቁጣው አናገረው። "ይሄ ታክሲ ነው እንዴ፣ ሲያሻህ ወርደህ ሲያሻህ የምትሳፈረው? ጉበትህ እስክትመለስ አይጠብቅህም!" ካለ በኋላ አዲስ ምስል እንዲነሳ አዘዘው።

ምስሉ ጥሩ አልነበረም። ከእብጠቶቹ አንዱ አድጎ ወደ ትልቁ የደም ሥር ተጠግቷል። "ያኔ ብንሠራው ሰፊ መንገድ ነበረን። አሁን ጠባብ ነው" አላቸው ቀዶ ሐኪሙ፣ በእርሳሱ ጫፍ እያሳየ። "ደም ሊፈስ ይችላል። እሞክራለሁ።" የወንድሟ ሚስት ነገሩን ሁሉ ያኔ ሰማች። ተመራማሪዋን አንድ ቃል አልተናገረቻትም፤ ቦርሳዋን አንስታ ወንበር ቀይራ ተቀመጠች። ተመራማሪዋ ስድብ ብትሰማ ይሻላት ነበር። ለፕሮፌሰሩም ሄዳ ተናዘዘች። እሱ ከጥናቱ አስወጣትና "ያየሽውን ቁጥር ርሺው" አላት፤ ሰው የሚረሳውን የሚመርጥ ይመስል።

ወንድሟ የሚገባበት ቀን ደረሰ። በሩ ላይ ሚስቱ ግንባሩን ሳመችውና ዞር አለች። ተመራማሪዋ አልጋውን ይዛ ቆመች። እሱ ጣሪያውን እያየ ተናገረ።

"ተቀይሜሻለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። በጣም ነው የተቀየምኩሽ። ለእኔ ብለሽ እንዳደረግሽው ይገባኛል፤ እሱ ነው ደግሞ ይበልጥ የሚያናድደኝ። አሁን ጊዜ የለኝም። ስወጣ እንጣላለን፣ ደህና አድርገን።"

"እሺ ጋሼ።"

"ቃል ነው?"

"ቃል ነው።"

አስገቡት። የመጠበቂያው ክፍል ወንበሮች ሁሉ ከግድግዳው ጋር የታሰሩ ናቸው። ሚስቱ በአንዱ ጥግ፣ ተመራማሪዋ በሌላው ተቀመጡ። ሰዎች ተጠሩ፣ ሄዱ፤ ሌሎች መጡ። በኋላ ቧንቧ ሠራተኛው ስፌቱን በእጁ ደግፎ ቀስ እያለ ገባ። ገና ከሆስፒታል መውጣቱ ነው፤ ተኛ ቢባልም አልሰማም። የሚታየውን ሁሉ አውጥተውለታል። የወንድሟን ሚስት ሰላም ብሎ፣ ክፍሉን አቋርጦ ተመራማሪዋ አጠገብ ተቀመጠ።

"አይዞሽ ልጄ" አላት። "ምን ያስለቅስሻል? እኔን አታዪኝም?"

አየችው። ፊቷን ሳታዞር ደህና አድርጋ አየችው። ያ መስመር አሁንም በዓይኗ ላይ አለ፤ ሰውየው ደግሞ እዚህ ነው፣ ትንፋሹ ይሰማል፣ እጇን ይዞ ይደባብሳታል። ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው እሷም አታውቅም፣ እሱም አያውቅም፤ ከመንገድ የሚገባውም ሁሉ የራሱን አያውቅም። እሷ የምታውቀውን ያህል ግን ማወቅ ከባድ ነው። እሱ ሊያጽናናት የመጣበትን ጊዜ ከየት ቀንሶ እንዳመጣው እያሰበች እጁን አጥብቃ ያዘች።

ቀዶ ሐኪሙ የወጣው ከተባለው ሰዓት በጣም ዘግይቶ ነው። ሦስቱም ተነሱ። ጭምብሉን አወረደ። "የደም ሥሩ ተቀዶብን ነበር፤ ሰፋነው" አለ። "ብዙ ደም ፈሶታል። የታየኝን አውጥቻለሁ። አሁን እስኪነቃ ነው።" ይነቃል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ሚስቱ ከጥጓ መጥታ፣ ሳታያት፣ ተመራማሪዋ አጠገብ ተቀመጠች።

ተመራማሪዋ የጠብ ፍላጎት እንዲህ ይጠናል ብላ ገምታ አታውቅም ነበር። ወንድሟ ነቅቶ እንዲሰድባት ፈለገች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያጠፋችውን ሁሉ እየዘረዘረ፣ ሆስፒታሉ እስኪሰማ እንዲጮህባት ፈለገች። የፈጀውን ይፍጅ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች።

ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች።

"'ሚጢጢ' የምትባለዋ ማናት?"

ተመራማሪዋ እጇን አወጣች፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሕፃን።

"ነቅቷል። እንዳይናገር ብንለውም አልሰማ አለ። ጥሩልኝ ይላል፤ ደግሞ ተቆጥቷል።"

ሚስቱ ሳቅና ለቅሶ የተቀላቀለበት ድምፅ አሰማችና ገፋ አደረገቻት። "ሂጂ፣ አታስጠብቂው!"

ከመጋረጃው ጀርባ ወንድሟ ቱቦ በቱቦ ሆኖ ተጋድሟል። ከንፈሩ ደርቋል፤ ዓይኑ ግን ተከፍቷል፣ ያያታል። ድምፁ ከጉሮሮው በጭንቅ ነው የወጣው።

"መጋረጃውን ሳቢና ተቀመጪ" አላት። "እስክጨርስ እንዳታቋርጪኝ።"

መጋረጃውን ሳበችና ወንበሩን አስጠግታ ተቀመጠች።